ቆላ ወርደን የመረግነው ቤት

ጣልያን አገራችንን ሊያሰለጥን በመጣ ጊዜ ደብረ ሲና ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሰለጠነው የቤት ኪራይ ነበር። ከተማው ተራራ በሚበሱና መኪና በሚነዱ ሰዎች ሞላ። አከራያችን አንድ ቀን ጠዋት መጡና በትሕትና እንድንለቅላቸው ነገሩን። ቤቱ ለሲሚንቶ ማስቀመጫ ተፈልጎ ነበር።

«ምን አጠፋን፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምንም አላጠፋችሁም። ሲሚንቶው ከእናንተ የተሻለ ይከፍላል። ደግሞም አያለቅስም» አሉና ልጄን አዩዋት።

ልጄ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ከእሷ በፊት የወለድኳቸው አልቆዩልኝም፤ ስለዚህ እሷ ባስነጠሰች ቁጥር እኔ እታመም ነበር።

ባሌ ሸዋ ሮቢት ወርደን የራሳችንን ቤት እንግዛ አለ። ብርድ የለም፣ ቤትም ርካሽ ነው።

«ለምን ረከሰ?» አልኩት።

«ሰው ስለማይፈልገው።»

«ለምን አይፈልገውም?»

«ሞኝ ስለሆነ ነዋ።»

የአገራችን ሰው ቆላ ለገበያ ወርዶ ሳይመሽ ሽቅብ የሚሮጠው የወባ ንዳድ ፈርቶ እንደሆነ ባሌ የጠፋው አይመስለኝም። እኔ ግን ሳልጠይቅ ውዬ አላድርም፤ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ንዳድ የሚበረታው ክረምት ወጥቶ ውሃ ሲተኛ ነው አሉኝ፤ ስለዚህ በጥር እንውረድ አልኩ። ንዳድ ከክፉ አየር ጋር ይገባል አሉኝ፤ ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ቤት አልገባም አልኩ። ይህን የነገሩኝ ሁሉ ቆላ አድረው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

በጥር ወረድን። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ሽፍታ ፍለጋ ፍራሻችንን በሳንጃ ወጋው። ገለባ ብቻ ሲወጣ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ቤቱን የሸጡልን እዚያው አጠገቡ የሚኖሩ የይፋት ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ጣሪያው በደንብ ተከድኗል፤ ግድግዳው ግን ጭቃ ነክቶት አያውቅም። በእንጨቶቹ መካከል ወዲያ ማዶ የሚግጡት ፍየሎች ይታያሉ።

«ይህ ቤት አላለቀም» አለ ባሌ።

«አልቋል» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ ወንፊት ነው እንዴ የሚሸጡልኝ?»

«ንፋሱን አላስከፍልህም፣ ልጄ።»

ባሌ በወንፊቱ ሰበብ ዋጋ አስቀነሰ፤ ምን ያህል ብልህ እንደሆነም ደጋግሜ ሰማሁ። ሽማግሌው ሲሰናበቱን፣ «ብቻ እንዳትመርጉት። ግንቦት ሲመጣ ታመሰግኑኛላችሁ፣ ኢንሻ አላህ» አሉ። ባሌ በኋላ ይህን ቅናት ነው ብሎ ተረጎመው። እሳቸው መጨረስ ያቃታቸውን ቤት እኛ ስንጨርሰው ማየት አልፈለጉም ማለቱ ነው።

የባሌ ወንድም ዘመዶቹን ሁሉ አስከትሎ ለደቦ ወረደ። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተው ቤቱን በውስጥም በውጭም መረጉት፤ ደብረ ሲና ላይ ለሐምሌ ጉም የሚመረገውን ያህል አወፈሩት። ሲጨርሱ ወንድሙ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ «በሉ፣ ከእንግዲህ ብርድ አይገባም» አለ። ላቡ ካገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የሰፈሩ ሰው እያለፈ ግድግዳውን አየ፣ ሰላም አለን፣ መንገዱን ቀጠለ። የቆላ ሰው ጨዋ ነው።

ሙቀቱ እየጠና ሲመጣ የጎረቤት ሰው ሁሉ ደጅ መዋል ጀመረ። እኔ ግን ከክፉው አየር ስለምጠነቀቅ ልጄን ውስጥ አቆየኋት። ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ምግብ ተወች፣ እንደ ፍም ጋለች። ንዳዱ መጣ አልኩ። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ፤ ያልባት ብዬም ጋቢ ደረብኩላት። በተጠነቀቅሁላት መጠን ባሰባት።

ባሌ ማጀቴ ከተማ ገበያ ሄዶ ነበር። መኪና ለምኜ ሽቅብ ልወጣ ልጄን አዝዬ በሩን ስከፍት የሽማግሌው ሚስት ደጃፌ ላይ አገኙኝ።

«በዚህ ሐሩር ወዴት ነሽ?»

«ልጄን ንዳድ ይዞብኛል፣ እትዬ። ወደ አገሬ ልወጣ ነው።»

የልጅቱን አንገት በእጃቸው ጀርባ ነኩ። «ያንቀጠቅጣታል?»

«የለም።»

«ትኩሳቱ ለቀቅ ያዝ ያደርጋታል?»

«ኧረ ለቋትም አያውቅ።»

«ውጭ ስትሆንስ?»

ውጭ አውጥቻት እንደማላውቅ ነገርኳቸው። አንገታቸውን በበሩ አስገቡና ወዲያው ወደ ኋላ አሉ።

«ያ አላህ። አንቺ ሴት፣ ልጅቱን ቀቀልሻት እኮ።»

ጋቢውን ገፈው ጥለው ግራር ጥላ ሥር አስተኟት፤ በእርጥብ ጨርቅ ገላዋን አበሱ፤ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጧት። እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነቃችና እንጀራ አምጪ ብላ ጮኸችብኝ። ስትጮህብኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እንግዲህ ምረጪ» አሉኝ ሴትዮዋ። «ወይ ልጅቱ ትውጣ፣ ወይ ጭቃው ይውረድ።»

የደቦ ሥራ ማፍረስ ዘመድ መስደብ ነው። ያንን ሁሉ ላብ አሰብኩ። ከዚያ ዘነዘናዬን አንሥቼ ልጄ ከምትተኛበት በኩል ጀመርኩ። ሽማግሌውም ድምፁን ሰምተው መጥረቢያ ይዘው መጡና በውጭ በኩል ይፈረክሱት ጀመር። ብያችሁ ነበር አላሉም፤ እሱን ፊታቸው ብሎታል።

ባሌ ሲመጣ ግማሹ ግድግዳ መሬት ላይ ነበር።

«ቤቴን ምን ነካው?»

«የገዛኸው ቤት ይኸውልህ» አልኩት።

«ወንድሜ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

«ግባና እደር በለው። ከተመረገው በኩል አንጥፍለት።»

አልሳቀም። ልጅቱን አያት። እንጨቶቹ ሥር ተቀምጣ እንጀራዋን ትገምጣለች፤ ንፋሱ ፀጉሯን ያነሣዋል። ግንባሯን በእጁ ነካ፣ እንደገና ነካ። ከዚያ ዘነዘናውን ከእጄ ተቀበለኝና ስለ ቆላ፣ ስለ ሻጩና ስለ እኔ እያጉረመረመ የቀረውን ጎን ማፍረስ ጀመረ።