ስፒከሩን አጥፊው

ሥራ የገባሁት በሰመር ሙቀት ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በላይ ባለች ቢሮ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ሚስ ካረን ሄድሴቱን ራሴ ላይ አስተካከለች፣ ስክሪፕቱን ፊቴ አስቀመጠች፣ ከዚያም የሥራውን ሕግ ነገረችኝ፦ የተጻፈውን አንብቢ፤ አትጨምሪ፤ አትሳቂ። አትሳቂ ያለችው ለምን እንደሆነ እስከ ምሳ ሰዓት አልገባኝም።

ሥራችን የሕዝብ አስተያየት መጠየቅ ነው። ያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2012፣ የምርጫ ዓመት ነበር። ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ሌላ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች እንዲጋቡ የሚፈቅደው ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። ቢሮው እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው መራጮች በየቋንቋቸው የሚደውል ሰው ፈለገ። የአማርኛው ዴስክ እኔ ነበርኩ። ዴስክ ስል አንድ ወንበርና አንድ ስልክ ማለቴ ነው። ቢሆንም ዴስክ ነው።

የመጀመሪያው ስልክ ጌይተርስበርግ ያሉ አንድ አባት ጋ ደረሰ። ስሜን ሳይሆን ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

ለዚህ ስክሪፕቱ ላይ መልስ የለም። "ይሄን መናገር አይፈቀድልኝም" አልኳቸው።

"እንዴ! አባትሽን መናገር የሚከለክል ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?"

ስለ ኢኮኖሚ ስጠይቃቸው እንደ ገንዘብ ሚኒስትር ተንትነው መለሱልኝ። ጋብቻው ላይ ስደርስ ግን፣ "ልጄ፣ ይሄን እንደምትጠይቂ እናትሽ ታውቃለች?" አሉ። ታውቃለች አልኩ። "በይ ደህና ሁኚ፣ እሷንም ሰላም በያት" ብለው ዘጉ። ልስቅ ነበር። ከሳቅሁ ደግሞ ቀጣዩን ሰው ስጠይቅ ድምፄ ውስጥ ሳቁ ይኖራል። ሕጉ የገባኝ ያኔ ነው።

እናቴ በእውነት ታውቅ ነበር። የሥራ ፈቃዴን ወረቀት የፈረመችው እሷ ናት። ጥያቄውን ስነግራት ግን ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ "ሥሪ፤ ብቻ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ" አለችኝ። እናቴ ቤት ውስጥ አንድ ድምፅ አላት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሌላ ድምፅ አላት። እኔ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

ከስልክ ሥራ መጀመሪያ የተማርኩት ከመልሱ በፊት ቤቱን መስማት ነው። ቴሌቪዥን ሲጮህ፣ ሳህን ሲንኳኳ፣ እንግዳ ሲኖር፣ መልሱ ፈጣንና ጮክ ያለ ይሆናል። ኤርፖርት ታክሲው ውስጥ ብቻውን ተራ የሚጠብቅ ሰው ግን "እስቲ ድገሚልኝ" ይላል። ያ ሰው እያሰበ ነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንዲት እናት ስልክ አነሱልኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ "እሙዬ" ይሉኛል። ከኋላቸው ብዙ ሰው ይሰማል። "የእድር ስብሰባ እኔ ቤት ነው፤ እጄ ሽንኩርት ስለነካ ስፒከር ላይ ነሽ፣ እሙዬ" አሉኝ። ሁሉንም በደንብ መለሱ። የጋብቻውን ጥያቄ አንብቤ ስጨርስ ግን አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ቀደማቸው።

"ተቃዋሚ ብለሽ ጻፊ! እዚህ ቤት ያለው አንድ ድምፅ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። "እትዬ፣ እኔ የምፈልገው የእርስዎን መልስ ነው" አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ።

"እንዳሉት አድርጊው፣ እሙዬ።"

ተቃዋሚ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ሥራው እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ቀኑን ሙሉ ያቺ ትንሽ ዝምታ ከጆሮዬ አልወጣችም። የእሳቸው መልስ እዚያ ውስጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሌላ ሰው መልስ ላይ የእሳቸውን ስም ለጥፌያለሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሚስ ካረን ሪፖርቱን አይታ ደስ አላት። "የአማርኛው በጣም ንጹህ ነው" አለች። በእኛ ቢሮ ንጹህ ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት መለሰ ማለት ነው።

"ንጹህ አይደለም፤ ስፒከር ላይ ነው" አልኳት።

"ዋሹ እያልሽኝ ነው?"

"አልዋሹም። የመለሱት ግን ለእኔ ሳይሆን አብሯቸው ለተቀመጠው ሰው ነው።"

መነጽሯን አወለቀች። "አንቺ የጋብቻውን ሕግ ትደግፊያለሽ፣ አይደል?"

"አዎ።" ይኸው፣ እዚህም ጻፍኩት። ዕድሜዬ ለድምፅ አልደረሰም እንጂ አስተያየቴ ከደረሰ ቆይቷል።

"እንግዲያው ተጠንቀቂ። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ያንቺ ወገን አይደለም።"

አመመኝ፤ ምክንያቱም ልክ ነበረች። የዚያችን እናት ዝምታ ወደ እኔ ጎትቼ ከቆጠርኩት፣ ከባለ ወፍራሙ ድምፅ በምን እሻላለሁ? ግን ተሸንፌ አልወጣሁም። "የምርጫ ቀን በር ላይ መድቢኝ" አልኳት። በር ላይ ስፒከር የለም ብዬ ነው። እሺ አለች።

የምርጫ ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የተመደብኩት አስፐን ሂል፣ ድምፅ የሚሰጥበት የአንድ ትምህርት ቤት ጂም በር ላይ ነበር። ዕድሜዬ ስላልሞላ ትልቅ ሰው አጠገቤ መኖር ነበረበት፤ ሚስ ካረን መኪናዋ ውስጥ ሂተር ከፍታ ተቀመጠች፣ እኔ ብርዱ ላይ ቆምኩ።

የበር ሥራ ድምፅ ሰጥቶ የሚወጣውን ሰው እንዴት እንደመረጠ በወረቀት መጠየቅ ነው። ከተሰመረው ነጭ መስመር አታልፉም። የሚወጣውን ሰው ትቆጥራላችሁ፤ የተሰጣችሁ ቁጥር ያረፈበትን ብቻ ታስቆማላችሁ። ፈገግ ያለላችሁን አይደለም፣ የምታውቁትን አይደለም፣ ቁጥሩ ያለውን ነው። ወረቀቱን ራሱ ሞልቶ፣ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ማንበብ ካልቻለ ታነቡለታላችሁ፣ ግን ከሰው ነጥላችሁ፣ ለብቻው። ይሄን የመጨረሻውን ሕግ ሳነብ ቢሮ ውስጥ በደስታ ዘልዬ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ቫን መጣ። ሾፌሩ ጋሽ መኮንን ይባላሉ፤ ታክሲ ነጂ ናቸው፣ የእድር ሊቀ መንበርም ናቸው። ያን ቀን ሥራቸውን ትተው፣ መኪና የማይነዱ አረጋውያንን በነፃ ሲያመላልሱ ነበር የዋሉት። እኔን ሲያዩ ከፔርሙዛቸው በክዳኑ ሻይ ቀዱልኝ።

"ጠጪ፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል። የአስቴር ልጅ አይደለሽ? ክርስትና ስትነሺ አልቅሰሽ ጆሮዬን ያደነቆርሽኝ!"

ክዳኑን ቫኑ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፁን አወቅኩት። "ተቃዋሚ ብለሽ ጻፊ" ያለው ወፍራም ድምፅ ነው።

ከጂሙ አንድ በአንድ ወጥተው ቫኑ አጠገብ ተሰበሰቡ። ስቆጥር ቁጥሩ ግራጫ ካፖርት በለበሱ ቀጭን እናት ላይ አረፈ። ወረቀቱን ስሰጣቸው አቀረቡት፣ አራቁት።

"መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። የምርጫው ማሽን ፊደልስ ትልቅ ነበር፣ ይሄ ጉንዳን ነው። አንቺው አንብቢልኝ፣ እሙዬ።"

እሙዬ! እሳቸው ነበሩ። ስማቸው እትዬ አልማዝ ነው፤ ጋሽ መኮንን ሲጠሯቸው ሰማሁ።

"እዚሁ አንብቢላት፣ አልማዝን ሁላችንም እናግዛታለን" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ይቅርታ ጋሽዬ፣ ለብቻቸው ነው።"

"ለብቻ? እኛ እኮ አንድ እድር ነን! ስትሞት የምንቀብራት እኛ ነን። ለብቻዋ ትቀበር እንዴ?"

ቫኑ አጠገብ ያሉት ሳቁ። እትዬ አልማዝም መሬት መሬት እያዩ ፈገግ አሉ።

"ሲሞቱ አብራችሁ ቅበሯቸው" አልኩ። "ይሄን ግን የሚመልሱት ለብቻቸው ነው።"

"ኧረ ምላስ!" አለ አንዱ።

"ቆይ፣ እናትሽ ትስማሽ" አሉና ጋሽ መኮንን ስልካቸውን አወጡ። እናቴን ኮል አደረጉ፣ ስፒከሩን ከፈቱ፣ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ወደ ላይ ያዙት። ልጅሽ አልማዝን ከእድርተኞቼ ልትለይብኝ ነው አሏት።

የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ድምፅ መጣ። "አንቺ ልጅ! ትልቅ ሰው ሲናገርሽ ስሚ እንጂ! ሰው ፊት አታሳፍሪኝ አላልኩሽም?"

"ሰማሽ?" አሉኝ ጋሽ መኮንን፣ ደስ ብሏቸው።

ወረቀቱን ልመልስ፣ ሥራዬን ልተው፣ መኪና ውስጥ ልግባ አሰኘኝ። ከዚያ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። እሷ አሁን ስፒከር ላይ ናት።

"ጋሽዬ፣ ስልኩን አንዴ ይስጡኝ።" ተቀብዬ ስፒከሩን አጠፋሁና ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። "እማዬ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

ከዚያ የቤት ድምፅዋ መጣ፣ ዝግ ብሎ። "ኮፍያሽን አድርገሻል?"

"አድርጌያለሁ።"

"ሴትዮዋ ምንድን ነው የሚፈልጉት?"

ቆምኩ። "አልጠየቅኳቸውም።"

"ጠይቂያቸዋ! የተቀጠርሽው ለዚያ አይደል? ሥራሽን ሥሪ። ጋሽ መኮንንን ለኔ ተያቸው።"

ስልኩን በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ መለስኩላቸው። "ምን አለች?" አሉኝ። "ኮፍያ አድርጊ አለችኝ" አልኩ። ውሸት አይደለም።

ወደ እትዬ አልማዝ ዞርኩ። "እትዬ፣ እዚህ ላንብብልዎት ወይስ እዚያ ዛፍ ሥር?"

ቫኑን አዩ፤ ጋሽ መኮንንን አዩ። የካፖርታቸውን ቁልፎች ቀስ ብለው ቆለፉ። "ዛፉ ጋ ፀሐይ አለ" አሉና ቀድመውኝ ሄዱ።

ፀሐይ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር።

ዛፉ ሥር ስንደርስ፣ "ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ እሙዬ" አሉኝ። "ይሄን ነገር ያልነገረኝ ሰው የለም። የጠየቀኝ ግን የለም።"

ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የትኛው ሳጥን የቱ እንደሆነም በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ በሕጉ መሠረት ፊቴን ወደ ጂሙ ግድግዳ አዞርኩ። እርሳሱ ቆየ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። አጥፈው ራሳቸው ከተቱት። የደገፉ ይሁን የተቃወሙ ዛሬም አላውቅም። ሚስ ካረን ልክ ናት፤ ያ መልስ የእኔ አይደለም። የጋሽ መኮንንም አይደለም።

ስንመለስ ጋሽ መኮንን ወደኔ ጠጋ አሉ። "እህስ፣ ምን አለችሽ?"

"ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ጋሽዬ።"

"ለኔም አትነግሪኝ?"

"ለራሴም አልነገርኩት።"

አፍጥጠው አዩኝ። እኔም አላቀረቀርኩም። ከዚያ ቫኑ ላይ ያስቀመጥኩትን የሻይ ክዳን አነሱ፣ የቀዘቀዘውን ደፉት፣ ትኩስ ቀዱበት። "ክፉ ልጅ" አሉና ሰጡኝ።

ሚስ ካረን መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ "ምን ነበር ግርግሩ?" አለችኝ። "ፕሮሲጀር፣ የሥራ ሥርዓት" አልኳት።

የጋብቻው ሕግ አለፈ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚደግፍ አንድ ሰው አልተገኘም፤ እናቴም ከሁሉም ጋር ራሷን ነቀነቀች። መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ስንዘጋ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልጽፍም፤ እሱም የተነገረኝ ለብቻዬ ነው።

በሚቀጥለው የምርጫ ወቅት ስክሪፕቱ ተለውጦ መጣ። ሚስ ካረን በሁሉም ቋንቋ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት አንድ መስመር አስገብታለች፦ አሁን ለብቻዎ ሆነው መነጋገር ይችላሉ? ይሄን መስመር ማን እንዳመጣው የትም አልተጻፈም። እኔ ግን እዚህ እጽፈዋለሁ፦ እኔ ነኝ።

አሁን ከሜሪላንድ ድንበር ማዶ አሌክሳንድሪያ ባለው ቢሮ አዲስ ደዋዮችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሄድሴቱን አስተካክልላቸዋለሁ፤ አንብቡ፣ አትጨምሩ፣ አትሳቁ እላቸዋለሁ። ከዚያ ከልምዴ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ሰውን ሰው ፊት ብትጠይቁት መልስ ታገኛላችሁ፤ የማን መልስ እንደሆነ ግን አታውቁም። መጀመሪያ ስፒከሩን ያጥፉልኝ በሉ።