በማርያም አይነሡ

አባቴን አልጋ ላይ ሊያስቀረው የነበረው የተሰበረ ዳሌው ሳይሆን የጠያቂዎቹ ጨዋነት ነው። ይህን ስል ማንንም መውቀሴ አይደለም፤ ጠያቂ በረከት ነው። ግን በረከትም ሲበዛ እግር ያሰንፋል።

መንደራችን ኮሶዬ ላይ ከማሳ ሲመለስ አዳልጦት ወደቀ። ጎንደር ተወስዶ ብረት ገባለትና እዚያው ቁስቋም ሰፈር ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ቤት አረፈ። እኔ ከድሬዳዋ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ኮሶዬ አብሮት የሚኖረው ወንድሜ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ነው፤ አክስቴም ራሷ በዱላ የምትሄድ ናት፤ አንሺና ጣይ የሚሆነው የለም። ስለዚህ ተማክረን ቆረጥን። ፈቃዴ እስኪያልቅ ከዝቅተኛ መቀመጫ ብቻውን መነሣት ከቻለ ወደ ቤቱ፣ ካልቻለ ከእኔ ጋር ወደ ድሬዳዋ።

«ድሬዳዋ!» አለ አባቴ። «እንደ ቅቤ ቀልጬ በጠርሙስ ልትመልሱኝ?»

እግሩን የምታለማምደው ፊዚዮቴራፒስት ልጅ እግር ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ቤት ድረስ ትመጣለች። አባቴ «ወጌሻዋ» ይላታል። «ወጌሻ እንኳ አሽቶ ይሄዳል፤ ይቺ ግን እኔኑ ታሠራኛለች» እያለ ያማታል፣ ያውም በፊቷ። ወንበር ላይ ጋቢ አጣጥፋ ደራርባ፣ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እግርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ። ደረትዎን ወደ ፊት ያዘንብሉ። አሁን በእጅዎ ወንበሩን ገፍተው ይነሡ።»

ጋቢው እየተቀነሰ መቀመጫው ዝቅ ይላል፤ የሟሸሸው ጭኑም በዚያው ልክ ይበረታል ብላ አስረዳችን። አባቴ ላቡ ጠብ እያለ ተነሣ። ቆመና በሩን አየ።

«ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም፣ አባባ። ልምምድ ነው።»

«ታዲያ ምነው አስነሣሽኝ?» ተመልሶ ዘፍ አለ።

ከዚያ ወዲያ እምቢ። ሰው ለወንጌል ይነሣል፣ ለታላቅ ይነሣል፣ ለእንግዳ ይነሣል፤ ለባዶ ቤት የሚነሣ እብድ ነው አለ። ልጅቱ አልተቆጣችም።

«እንግዳማ ሞልቷል። ሰው በገባ ቁጥር ይነሣሉ። ተስማማን?»

ተስማማ። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ቸኩዬ ኖሯል።

የመጀመሪያው ጠያቂ ጎረቤታችን ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ «ኖር!» ብሎ እግሩን ሳበ፣ ደረቱን አዘነበለ፣ ከጋቢው ትንሽ ከፍ አለ።

«ኧረ በማርያም! በማርያም አይነሡ!»

አባቴ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ ያየሁት መታዘዝ ይሁን ምቾት እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ሁለተኛዋም በማርያም። ከኮሶዬ ድረስ ሊጠይቁት የመጡትም፣ ሁሉም በአንድ አፍ፣ በማርያም። ለመነሣት በመዘጋጀት አባቴን የሚተካከል ጠፋ። ልጅቱ አንድ ማታ ጭኑን በሁለት እጇ ከብባ ለካች። ስሸኛት በር ላይ፣ «እግር ጨዋነት አያውቅም፤ ካልሠራ ይከሳል» አለችኝ። ያኔ አባቴ በማያውቀው ሰፈር፣ በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት፣ አንድም ጠያቂ ሳይኖረው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ታየኝ።

«እመቤታችን ትፈታሃለች፣ ተነሣ» ልበለው? አልደፈርሁም። ስሟ ተጠርቶ እንደ ዋዛ ማለፍ አልችልበትም። አክስቴ በዚህ ትስቅብኛለች፦ «አንቺ እኮ ጸበልም አጥልለሽ ነው የምትጠጪ።» ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ጠያቂዎቹን ለመንሁ። ሁሉም እሺ ይላሉ፤ እሱን ሲያዩ ግን ያመልጣቸዋል። አንዲት ባልቴት አፋቸውን በነጠላ ይዘው ገቡ፤ ከነጠላው ሥር «በማርያም» ወጣ።

በመጨረሻ አክስቴ ዱላዋን ይዛ በሩ ላይ ተሰየመች።

«በማርያም ይዤሃለሁ፣ በማርያም እንዳትል!»

እኔ አማተብሁ። ግን ሠራ። እንግዶቹ ገብተው ደርቀው ቆሙ፤ እንዳይከለክሉት በስሟ ተይዘዋል፣ ቀድመውት እንዳይቀመጡ ያፍራሉ። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ጠበቁት።

«ኖር!» አባቴ ተነሣ።

«በእግዜር» አሉ በሹክሹክታ።

«ሲቀመጡ ቀስ ብለው» ትላለች ልጅቱ፤ «ጭንዎን የሚያበረታው ቀስ ብሎ መውረዱ ነው።» አባቴም እንደ ጳጳስ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጋቢዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ወንበሩም ዝቅ ባለ ዱካ ተተካ።

ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ኮሶዬ ወሰድነው። መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ከዱካውም ዝቅ ይላል፤ ከእሱ ላይ ሲነሣ ገና አላየነውም። ውጭ የሚመልሰኝ ማኪና ጥሩንባውን ነፋ። ጉልበቱን ስሜ፣ እንደ ከበደኝ፣ ቦርሳዬን አነሣሁ። ከኋላዬ እግር ሲሳብ ሰማሁ። ዞር ስል ደረቱን አዘንብሏል፣ እጁ መደቡን ይገፋል።

አባት ለልጁ አይነሣም። በሩን አየሁ።

«ማን መጣ፣ አባዬ?»

«ማንም አልመጣ። የሚሄድ ሰው አለ እንጂ።»

ያ ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ። እሱ እየተንቀጠቀጠ፣ እየቀና፣ ማንም ሳይነካው ቆመ። አየኝ።

«ዋጥሽው?»

«ዋጥሁት።»

«ሸጋ» አለ።