አባባ ድንቹን ያለጊዜው የነቀሉበት ክረምት

ዘንድሮ ሐምሌ ድንቼን ልኮተኩት ወጥቼ፣ መኮትኮቻዬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሲለኝ የአሥር ዓመት ልጅ እያለሁ ያየሁት ክረምት ትዝ አለኝ። እኩዮቼ ታስታውሱት እንደሆነ እንጃ፤ እኛ ቁስቋም ዳገቱ ላይ ግን ዝናቡ ግንቦት ጀምሮ ማቆሙን የረሳ ነበር የሚመስለው። የእንጦጦ ግማሹ በግቢያችን አልፎ ቀጨኔ ወረደ ብል እምብዛም አላጋነንኩም። እንቁራሪቶቹ ሳይቀሩ መጠለያ ፍለጋ ቤታችን ይገቡ ነበር።

አባባ ከፋብሪካ የተቀነሱት በዚያው ዓመት ነው። ጓሮውን በሙሉ ድንች ተከሉበትና፣ «ይሄ ከበሰበሰ መስከረምን አፋችንን ከፍተን ነው የምንቀበለው» ይሉ ነበር። ለሌላ ሰው ቀልድ ነው፤ እማዬ ግን በሰማችው ቁጥር መቀነቷን ጠበቅ ታደርጋለች። አባባ በየማለዳው ተንበርክከው ቅጠሉን ይገለብጣሉ። ጥቁር ነጥብ ያገኙ ቀን ቁርስ አይቀምሱም።

አንድ እሑድ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ዶፍ ወረደ። ቦዩ ሞልቶ ወደ ድንቹ ገነፈለ። እኔ መሐንዲሷ የአባባን አካፋ አነሣሁና ቦዩን በአጥሩ ሥር ወደ ታች ቀደድኩት። ውሃው ሄደ፣ ድንቹ ዳነ፣ እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ ጨፈርኩ። ከታች እትዬ ጥሩነሽ እንዳሉ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የሚለየን የቅንጭብ አጥር ነው፣ ስናስነጥስ «ይማራችሁ» ይሉናል። ግን ውሃ አንዴ ከግቢ ከወጣ የማንም አይደለም ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ጥሩነሽ ማድ ቤት የጭቃ ግድግዳው ተናደ፤ ጠላ እየጠመቁ የሚተዳደሩባቸውን ሦስት ጋኖች ይዞ። አባባ ሮጠው ሄደው አይተው ተመለሱና ቦዩ አጠገብ ቆሙ።

«ማነው የከፈተው?»

«ዝናቡ ነው፣ አባባ።»

«ዝናቡ አካፋ ይዞ መጣ?»

ቀልድ ከማን እንደወረስኩ ታያላችሁ። ያን ቀን ግን አልሳቁም፤ አልመቱኝምም። የቀደድኩትን ደፈኑት፣ ውሃው ወደ ድንቹ ተመለሰ። በማግስቱ፣ ሳይበሰብስ እንድረስለት ብለው፣ ገና እንቁላል እንኳ ያላከለውን ድንች ነቀሉና ግማሹን በቅርጫት ተሸክመው አጥሩን ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከልጆችህ አፍ ነጥቀህ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ጭቃ ለሚረግጡት ምሳ ይሁን» አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ አድርገው።

ግድግዳውን ሊያቆም ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። እኔም እግሬ እስኪደነዝዝ ጭቃና ጭድ ረገጥኩ። «እዩልኝ ይቺን ምላሳም! ዛሬ ማን ለጎማት? እደጊልኝ የኔ ልጅ» ብለው እትዬ ጥሩነሽ መረቁኝ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ትኩስ ድንች አጎረሱኝ። ውጬው ወደ ጭቃዬ ተመለስኩ።

መስከረም አባባ እንዳሉት ገባ። እማዬ መቀነቷን ስታጠብቅ ባየሁ ቁጥር ያ ምርቃት ይቆረቁረኝ ነበር። እትዬ ጥሩነሽም ሳልነግራቸው ዓረፉ።

ዛሬ የምኖረው ሸጎሌ ነው። አጥሬ ብሎኬት ነው፣ ጎረቤት ቢያስነጥስም አይሰማም። ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ ልጄ በአጥሩ ሥር ወፍራም ቱቦ አስቀበረልኝ፤ የጓሮዬ ውሃ እየተንደረደረ ወደ ታች ይሄዳል። ትናንት በርጩማ ላይ ቆሜ፣ ከታች ማን እንደሚኖር ለማየት ተንጠራራሁ። ግንቡ በለጠኝ። ያኔ ቢያንስ የማንን ግድግዳ እንዳፈረስኩ አውቅ ነበር።