እናቴ ቃል ያጣችበት ቅዳሜ

መጀመሪያ የወደቀው እስክሪብቶው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ወላይታ፣ ሻንቶ ከተማ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ እኔና እማዬ ቃል እያወጣን ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ቃል ይሰጣል፣ ሌላው በዛ ቃል ፊደሎች ብቻ ሌላ ቃል ይሠራል። ከ"አቦካዶ" አቦካ፣ ቦካ፣ ካቦ ይወጣል። የተሸነፈ እቃ ያጥባል። የዛን ቀን የሰጠኋት "መንገድ" ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አማርኛ ያስተማረች ሴት "ገመድ" ለማለት ማሰብ አያስፈልጋትም እኮ።

"ገ... ገ..." አለች።

"በይ እንጂ እማ፣ እቃው እየጠበቀሽ ነው!" አልኳት እየሳቅኩ።

ቀና ስትል አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። እስክሪብቶውን ልታነሳ ሞከረች። ቀኝ እጇ አልታዘዘም።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። "ምች ነው፣ ምች! በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትመታት ውላ!" አለች። እኛ ጋ ፊት ከተጣመመ ምች ነው፣ ክርክር የለውም። ዳማከሴ ተጨምቆ ፊቷን ተቀባች፣ ተሸፋፍና ተኛች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። እኔም አመንኩ። እሁድ ጠዋት እግሯም እምቢ አለ። ያኔ ነው በሚኒባስ ሶዶ ሆስፒታል የወሰድናት።

ሲቲ ስካን ተነሳች። ዶክተሩ የአረካ ልጅ ነው፣ እንደኛው ወላይታ፣ ረጋ ያለ።

"ስትሮክ ነው" አለኝ። "በግራ በኩል ያለው የአንጎሏ ክፍል ደም አጥቷል። መቼ ነው የጀመራት?"

"ትናንት።"

ካርዷ ላይ "ዘግይታ የመጣች" ብሎ ጻፈ።

ደም ግፊት እንዳለባት ያወቅነው ያኔ ነው። ተለክታ አታውቅም። መናገር ደግሞ የለም። "አፌዥያ ይባላል" አለኝ። "ሐሳቡ አለ፣ ቃሉ ነው የማይመጣላት። እንደ ሕፃን እንዳታይዋት።" አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ታየኛለች። ታለቅሳለች። በቃ።

ቤት ስንመለስ መጠበቅ አቃተኝ፣ ድሮም አልችልም። ካርቶን ቆራርጬ ፊደል ጻፍኩበት። በጨዋታችን ትመለሳለች ብዬ ነው። እኛ ቤት የሚወራው ወላይትኛ ነው፣ ጨዋታው ግን በአማርኛ ብቻ ነበር። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳወራ እንዳልኮላተፍ። ወላይትኛ ካስገባሁ "ፋውል!" ብላ ትጮህብኝ ነበር።

አንድ ቀን "ሃይማኖታዊ"ን ዘርግቼ ሰጠኋት። ታማ፣ ታይ፣ ብዙ ይወጣዋል። በግራ እጇ "ሃ"ን ሳበች። ቆየች። "ታ"ን አመጣችና አጠገቡ አደረገችው።

"ፋውል ነው እማ" ብዬ መለስኩት።

እንደገና አመጣችው። መለስኩት። አሁንም አመጣችው፣ አሁንም መለስኩት። ካርቶኑን በሙሉ በተነችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለክትትል ሶዶ ስንሄድ ለዶክተሩ ነገርኩት። "ሕጉን ረስታለች፣ አእምሮዋ ተነክቶ ይሆን እንዴ?"

"ምን ጻፈች?"

"ሃታ።"

"ሃታ ምንድነው በአማርኛ?" አለኝ፣ እያወቀ።

"ውሃ።"

"ታዲያ ውሃ ሰጠሻት?"

"ፋውል" እንዳልኳት ነገርኩት።

"በልጅነቷ አፏን በፈታችበት አውሪያት" አለኝ። "በሁለቱም ሞክሪ፣ የመጣውን ተቀበይ። ፈተና አይደለም እኮ፣ እናትሽ ናት።"

ሻንቶ እስክንደርስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። እማዬ በግራ እጇ ጉልበቴን ይዛኝ ነበር።

ከዛ በኋላ ሕጉን ጣልነው። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ያለችው ፊዚዮቴራፒስት ያሳየችንን የእጅና የእግር እንቅስቃሴ እየሠራን በወላይትኛ አወራት ጀመር፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለማይረባው ሥራ ፍለጋዬ፣ መልስ ሳልጠብቅ፣ እና አንድ ቀን ብርጭቆውን ሳቀብላት ጎርነን ባለ፣ የሷ በማይመስል ድምፅ "ሃታ" አለች። ቀስ እያለች ግድግዳ ይዛ እስከ በረንዳው መሄድ ቻለች፣ "ሳሮ" ብላ ሰላምታ መመለስም መጣላት። አማርኛው ግን አልመጣም። ተማሪዎቿ "ጌታ ይማርሽ ቲቸር" ሊሏት ሲመጡ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይወጣም፣ ልጆቹም መሬት መሬት ያያሉ። ወደ ማስተማሪያ ክፍሏ አትመለስም። ይሄን እኔም እሷም እናውቃለን።

ዶክተሩን አመሰግናለሁ፣ ያችን አንድ ጥያቄ ስለጠየቀኝ። እትዬ አስካለንም አመሰግናለሁ፣ እስከ ዛሬ ገላዋን የምታጥባት እሷ ናት። የዳማከሴውን ነገር አንስተን አናውቅም።

እናንተ ግን ስሙኝ። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ካልታዘዘ፣ ምላስ ከተያዘ፣ ዳማከሴው ይቆይ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት! የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። የታመመው ሰው መዋጥ መቻሉ ሳይታይ ምግብም ውሃም አትስጡ። ደም ግፊታችሁን ተለኩ፣ ዛሬ። ቃል የጠፋበት ሰው ካላችሁ ደግሞ አትፈትኑት። የሰጣችሁን ውሰዱ።

ስሜ መሠረት ነው። ያወጣችልኝ እማዬ ናት። የምርቃቴ ቀን ወንበር ላይ ቆማ "መሠረት!" ብላ ስትጮህ አፍሬ፣ ቁጭ በይ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። አሁን "ታ ናኤ" ትለኛለች፣ ልጄ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ይሄም ተመስገን ነው ይለኛል። ተመስገን እላለሁ። ግን ይበቃኛል አልልም፣ አይበቃኝም።

የስሜ አራት ፊደሎች ከካርቶኖቹ ጋር ትራስጌዋ ናቸው። አልደረድርላትም፣ አልጠይቃትም። አንድ ቀን ራሷ ብታነሳቸው ብዬ እጠብቃለሁ፣ እኔ፣ የዛን ቀን "ገመድ" እስክትል እንኳን መጠበቅ ያቃተኝ።