የጾም ፒዛው እስኪደርስ

አክስቴ የስኳር መርፌያቸውን የተወጉት መኪና ውስጥ ነው። ከአዳማ ተነሥተን ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው መዝናኛ እየተቃረብን ነበር። አርብ ስለነበር እናቴ ጭን ላይ ያለው ምሳ ዕቃ ሽሮና ጎመን ይዟል። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ብዙ ሳይቆይ መብላት አለበት፤ እኛም እንደ ደረስን የተከራየነው ድንኳን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ልንበላ ነበር ያሰብነው።

ጥበቃው ምሳ ዕቃውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«ማዘር፣ ከውጭ ምግብ አይገባም። እዚህ ይቀመጥና ሲወጡ ይወስዱታል።»

እናቴ ልትከራከር ስትል አክስቴ ከለከሏት። «ተዪው። ይሄ ሁሉ ሰው ጦሙን ሊያድር ነው የሚገባው? ውስጥ ምግብ አይጠፋም።»

እውነትም አልጠፋም። ከውሃ መንሸራተቻው አጠገብ ባለው አዳራሽ ቡፌ ተደርድሮ ነበር። ተራችን ሲደርስ፣ ከመዋኛው የወጣ ጎረምሳ ውሃው እየተንጠባጠበ መጥቶ ቀይ ወጥ የቀዳበትን ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ነከረው። አክስቴ ሳህናቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«እትዬ፣ ሽሮው እኮ አልተነካም» አልኳቸው።

«እያየሁ እንዲህ ካደረጉ፣ ሳላይማ ምን አድርገው ይሆን? አልበላም።»

ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠበሳል፤ አክስቴ ግን በአርብ ዓሣ አይቀምሱም። በመጨረሻ ድንኳኖቹ መሀል አንዲት ትንሽ ፒዛ ቤት «የጾም ፒዛ አለን» የሚል ለጥፋ ስናይ እናቴ «ተመስገን» አለች። አዘዝን። አስተናጋጇ ምድጃው ገና እየጋለ ስለሆነ ትንሽ እንደሚቆይ ነገረችን።

ተቀምጠን የሚንሸራተቱትን እናይ ጀመር። «ያንን ሰውዬ እዩት፣ ሆዱ ቀድሞት ወረደ» ብለው አክስቴ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ዞር ብዬ ሳያቸው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ግንባራቸው በላብ ርሷል። ሶፍት ሊያነሡ ሲሞክሩ እጃቸው ተንቀጠቀጠ።

«ምሳ ዕቃውን የት አደረግሽው?» አሏት እናቴን። ነገረቻቸው። መልሰው ያንኑ ጠየቁ።

ክትትል ወደሚያደርጉበት ክሊኒክ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ነርሷ እንዲህ ሲሆኑ ምን እንደማደርግ ነግራኛለች።

«ስኳራቸው ወርዷል» አልኩ። «ለስላሳ ይጠጡ።»

«ለስላሳ?» አለች እናቴ። «ስኳር ላለበት ሰው? ልትገያት ነው?»

«የሚከለከለው ከፍ እንዳይል ነው። አሁን ወርዷል፣ እማዬ።»

«ዶክተሩ በአፏ እንዳይዞር ብሏል! አንቺ ከዶክተሩ በለጥሽ?»

ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። እናቴን ደግሞ ተናግሬያት አላውቅም። ተነሥቼ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩና አንድ ጠርሙስ አወጣሁ።

«እህት፣ መጀመሪያ ኩፖን ይቆረጣል» አለችኝ አስተናጋጇ።

«ክፈቺልኝ!»

በየጠረጴዛው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ደንግጣ ከፈተችው። እናቴ ልትከለክለኝ እጇን ዘረጋች፤ እጇን ገፋሁት። ጠርሙሱን አክስቴ ከንፈር ላይ አደረግኩ። «እትዬ፣ ይጠጡ። ቀስ ብለው ይዋጡት።» መጀመሪያ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ ሲውጡ ጉሮሯቸውን አየሁት።

ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። ተሳስቼ ቢሆንስ? ነርሷ የነገረችኝን በልቤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደጋገምኩት። ልጆች እየጮኹ ከመንሸራተቻው ይወርዳሉ፤ አክስቴ ግን ጠረጴዛውን እንጂ ሌላ ነገር አያዩም።

ሲቆይ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ምን ሆናችሁ እንደዚህ ታፈጡብኛላችሁ?» አሉ።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ፒዛው የደረሰው ያኔ ነው። ቃሪያና ቲማቲም ብቻ ያለበት፣ ጠርዙ ያረረ ፒዛ ነበር። እናቴ እየቆረሰች አጎረሰቻቸው። እኔን አላየችኝም። እኔም እዚያው ተቀመጥኩ።

አክስቴ ሁለተኛውን ቁራሽ ጨርሰው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ስሚ፣ ለስላሳ መጠጣቴን ለዶክተሩ እንዳትነግሪ። ይቆጣኛል።»

«እነግራለሁ፣ እትዬ» አልኩ። «አብሬዎት ገብቼ እነግራለሁ። እማዬም ትመጣና ትሰማለች።»

እናቴ ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።