ከምግብ በኋላ

የያዙኝ ከመድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ጀርባ፣ ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ ነው። "ለጫካ ሰዎች መድኃኒት ሰጥተሻል" አሉኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "መድኃኒት ቤት የሚመጣ ሰው ሽንኩርት ይጠይቀኛል እንዴ?" ብዬ መለስኩ። ያቺን መልስ ብውጣት ኖሮ ምናልባት ጫማዬን እንድቀይር ይፈቅዱልኝ ነበር። በነጠላ ጫማ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ንፋስ መውጫ ዳር፣ ድሮ ማዳበሪያ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ንፋስ ሲነሣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይውላል። ለሴቶች በጣውላ የተከለለችው ጥግ ሦስት ሰው ብታስተኛ ነው፤ እኔ አራተኛ ሆንኩ። አንዷ ከዚሁ አገር ከቤተ ልሔም ገዳም በኩል የመጡ እማሆይ ናቸው፤ እንግዳ አሳድረዋል ተብለው የተያዙ። ሁለተኛዋ ልጇ ጫካ ገብቷል የተባለች የወገዳ ከተማ አረቄ ሻጭ ናት፤ ራስ ምታት አይለቃትም። ሦስተኛዋ የእስቴ ወረዳ ልጅ፣ እዚሁ ከተማ የምታስተምር መምህርት። እሷ ለምን እንደታሰረች ራሷም አታውቅም።

በየጠዋቱ መርማሪው ያስጠራኛል። አንድ ወረቀት ፊቴ ያስቀምጣል፤ ለታጣቂ መድኃኒት ሰጥቻለሁ የሚል ቃል በእኔ ስም ተጽፎበታል። "ፈርሚና ቤትሽ ግቢ" ይላል። "አልፈርምም" እላለሁ። ዐሥራ አንድ ቀን እንዲሁ ተባባልን።

መምህርቷ እንቅልፍ የላትም ነበር። ሁላችን ስንተኛ እሷ ቁጭ ብድግ ስትል ታድራለች፤ በዚያች ጥበት እግራችንን ትረግጣለች። ዓይኗ ደም ለብሷል። አንድ ማክሰኞ ጠባቂው በሩን ከፍቶ አያትና፣

"ይህቺስ ለይቶላታል። እስከ ሰኞ ካልተረጋጋች ለብቻዋ ነው የማስገባት" አለ።

ለብቻ ማለት ከኋላ ያለችው የጀነሬተር ቤት ናት። ቆመው እንጂ ተኝተው አይገባባትም። እዚያ ከርማ የወጣች ሴት አይተናል፤ በስሟ ስንጠራት አትዞርም ነበር። መምህርቷ ይህን ታውቃለች። በዚያው ዕለት ሆን ብላ ዓይኗን ጨፍና ተኛች፤ ግን ጣቶቿ አያርፉም።

አረቄ ሻጯ አንጀቷ አልቻለም። ከመቀነቷ አንዲት ክኒን ፈታችና፣ "እንኪ እታለም፣ ይቺን ዋጫት። እኔን እንደ ግንድ ነው የምትጥለኝ" አለቻት።

የአረቄ ሻጯን እጅ ያዝኩ። ክኒኗን አየኋት፤ አሚትሪፕቲሊን ናት። "አንቺስ የምትውጪው ነገር አለ?" ብዬ መምህርቷን ጠየቅኋት። ከደረቷ የወረቀት ፖስታ አወጣችና ካፕሱሏን መዳፏ ላይ አደረገችልኝ። ፍሉኦክሰቲን።

"ሁለቱም የድብርት መድኃኒት ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው" አልኳቸው። "ያንቺዋ እንቅልፍ ትጎትታለች። አፍም ሆድም ታደርቃለች። ማታ የምትዋጠው ለዚህ ነው፤ ለራስ ምታትም ያዝዟታል። የመምህርቷ ደግሞ ብዙ ሰው ላይ ታነቃለች፣ ስለዚህ ጠዋት ነው። ሥራዋ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው፤ ሰውነት ውስጥም ትቆያለች። ሁለቱን ያለ ሐኪም መደራረብ ልብ ይጎዳል። ተዪ!"

"ታዲያ የትኛዋ ትሻላለች?" አሉ እማሆይ።

"የተስማማችዋ ናታ፣ እማሆይ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።"

"ስንት ሰዓት ነው የምትውጫት?" አልኳት መምህርቷን።

"ከምግብ በኋላ።"

ዐቢይ ጾም ነበር። ቤተሰብ የሚያመጣው ስንቅ ተፈትሾ እጃችን የሚገባው ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጠዋት መወሰድ ያለበትን መድኃኒት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር የምትውጠው።

"ቅዳሜና እሑድስ?"

እማሆይ ቀደሟት። "ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ካደረው ስንቅ ትቀምሳለች። እውነትሽን ነው፣ ያን ሁለት ቀን ትንሽ ታሸልባለች። እኔማ የሰንበት በረከት ነው ብዬ ነበር።"

ተናደድኩ። "በጾም ምድር ከምግብ በኋላ ያለሽ የትኛው ደንቆሮ ነው?"

ፖስታውን ገልብጣ አሳየችኝ። "በቀን አንድ፣ ከምግብ በኋላ" ይላል። የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው።

"የመጣሽ ዕለት ነው ያወቅሁሽ። ደንበኛሽ ነኝ ብዬ ክስ እንዳልጨምርብሽ ዝም አልኩ" አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያቺን ፖስታ እንዴት እንደጻፍኳት እንኳ አላስታውስም። ሆድ እንዳይነካ እያልኩ ለሁሉም እንደዚያ ነው የምጽፈው፤ እጄ ለምዶታል። እኔ ጾመኛ ስላልሆንኩ አገር ሁሉ ቁርሱን በልቶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ፣ ሦስቱም እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ። "የዛሬዋን ዝለያት። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ነው።"

"የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ ውኃ አልቀምስም" አለች። "እዚህ የቀረኝ ጾሜ ነው። እሱን አልሰጥም።"

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጨበጡና፣ "እኔ ካህን አይደለሁም፣ አልፈታሽም። ስትወጪ አባትሽን ትጠይቂያለሽ። እስከዚያው አንቺ ያጎደልሽውን ሰዓት እኔ በራሴ ጾም ላይ እጨምረዋለሁ" አሉ። መምህርቷ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ረቡዕ ጠዋት ውኃ ጠየቅን። ጠባቂው ፖስታውን ተቀብሎ አነበበ። "ከምግብ በኋላ ነው የሚለው። በእኔ ኃላፊነት አትውጥም።"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ወንድምዓለም። ተሳስቼ ነው። እስክሪብቶ ስጠኝ።"

ሳቀ፤ ቢሆንም ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ፊርማዬን አስመስለው ያ የመርማሪው ወረቀት ላይ ቢያሰፍሩትስ ብዬ ብሰጋም ፖስታውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ስሕተቴን ሰረዝኩ። "ጠዋት፣ በጾምም ቢሆን" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

"ለካ መፈረም ትችያለሽ!" አለ።

"የሠራሁት ላይ እፈርማለሁ" አልኩት።

ውኃውን አመጣ።

ወዲያው አልተኛችም። ዓርብ ትንሽ፣ ቅዳሜ ትንሽ ጨመረች። ሰኞ ማለዳ በሩ ሲከፈት ጉልበቴን ተንተርሳ ጭልጥ ብላ ነበር። እማሆይ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጠባቂውን ዝም አሰኙት። ትንሽ ቆሞ አያትና በሩን ዘጋው።

እማሆይ ያን ሰሞን ሁሉ ስንቃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ፀሐይ እስክትገባ ይጠብቁ ነበር። በሆሳዕና ዋዜማ ስማቸውን ጠርተው ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም።

እኛ ሦስታችን ግን ተፈታን። ያ የመርማሪው ወረቀት ሳይፈረም ቀረ። ወደ ባንኮኒዬ ተመልሻለሁ፤ አሁን ሰውን ሁሉ "ትጾማለህ? ትጾሚያለሽ?" እያልኩ አሰለቻለሁ። መምህርቷ በየወሩ ትመጣለች። አዲስ ፖስታ እሰጣታለሁ፤ አሮጌው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የንስሐ አባቷን ጠይቃቸው "ቀኖናሽን ሌላ ሰው ከፍሎልሻል" ብለዋታል። እማሆይን ቤተ ልሔም ድረስ ሄደን ጠየቅን። አልተመለሱም።

አሁንም ጾመኛ አይደለሁም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ረቡዕ ረቡዕ ምሳዬን ጠቅልዬ ባንኮኒው ላይ አስቀምጥና ፀሐይ እስክትገባ እጠብቃለሁ። ሰዓቱ የእማሆይ ነው።