ሚጥሚጣ ያለበት እንቁላል

ባለቤቴ እኔን ከማግባቱ በፊት ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። እንቁላል ቀቅሎ፣ ለሁለት ሰንጥቆ፣ አስኳሉን በሰናፍጭና በማዮኔዝ አሽቶ መልሶ መሙላት የተማረው እዚያ ነው። ከሚሴ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ስንከፍት ሙያውን ይዞ መጣ። ማዮኔዝ ግን ከየት ይምጣ? አስኳሉን በለጋ ቅቤና በሎሚ አሸሁለት። ቀመሰና፣ "ለበሽተኛ የተሠራ ይመስላል" አለኝ። ተናድጄ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት፤ ቃሪያም አድቅቄ ከትፌ ጨመርኩ። አንዱን ሲውጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለተኛውን ግን አነሳ።

ከዚያ ወዲያ ከደሴ የሚመጡ ሾፌሮች ገና ከመኪና ሳይወርዱ "ያ የሚያቃጥለው አለ?" ይሉን ጀመር። እሱ ይቀቅላል፣ ይልጣል፤ እኔ እሞላለሁ።

እንቁላሉን ከጨፋ ሮቢት ገበያ የማመጣው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ስለነበር ወንዱ ገበያ መውጣት ፈርቷል። አንድ የገበያ ቀን ግን ወባዬ ተነሳብኝ። ብርድ ልብስ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ፣ "ዛሬ ይቅር፤ እንቁላል የለም በላቸው" አልኩት።

"ደርሼ እመጣለሁ፤ አብሽሪ" ብሎ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይቅር ያልኩት። ደግሜ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ቅርጫቱን ያመጣችልኝ ጎረቤታችን፣ ጨው ሻጯ ናት። "ገበያውን ከበቡት" አለች በሩ ላይ እንደቆመች። "ባልሽን ወስደውታል።"

በማግስቱ ትኩሳቱ ሳይለቀኝ ተነሳሁ። ከቅርጫቱ ያልተሰበሩትን እንቁላሎች ቀቀልኩ። ስልጣቸው ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ ወጣ። ሚጥሚጣውን ስንት ጊዜ እንደጨመርኩ አላስታውስም። ሰዎቹን ወዳጎሩበት ግቢ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ቤታችን ሲበላ የማውቀው ሰው ነው። ቀና ብሎ አላየኝም። "እህቴ፣ መግባት ክልክል ነው" አለና ሳህኑን ተቀበለኝ።

ቀትር ላይ የጭነት መኪናዎቹ ወጡ። ከተጫኑት መሃል አየሁት፤ እሱም አየኝ።

"ሚጥሚጣው በዛ!" ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ደርሶታል ማለት ነው፤ በልቷል። እንባዬ ሲወርድ ሲያይ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። "ሂን ቦዪን! አታልቅሺ!" አለኝ፣ በኦሮምኛውም በአማርኛውም። መኪናው ታጠፈ።

ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሾፌሮቹ "እንቁላሉስ?" ሲሉኝ "ቀርቷል" እላቸዋለሁ። ሻይና ዳቦ ብቻ እየሸጥኩ ቆየሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ከሲታ ሰው አጠያይቆ ቤቴ መጣ። ሰሜን ጦር ግንባር ከባለቤቴ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበር። "ጥይት አልነካውም" አለኝ። "ተቅማጥ ነው። መድኃኒት አልነበረንም።"

ኢናሊላሂ አልኩ። የት እንደቀበሩት ጠየቅኩት።

"እያፈገፈግን ነበር። ቦታውን ዛሬ ብሄድም አላገኘውም።" አንገቱን ደፋ። "ከፈን አላገኘንለትም፤ በልብሱ ነው የቀበርነው። አፉ በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አልኩት። ምሳ አቀረብኩለት። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወረደለትም። እኔም ብላ ብዬ አላስጨነቅኩትም።